«አልቋል፣ ከውጭ ግዢ»

አክስቴ ከአምቦ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። የጤና መድን መዋጮዋን በጊዜ ከፍላለች። ባለፈው የካቲት ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ ካርድ በነጻ ወጣላት፣ ግፊቷ ተለካ፣ ሐኪሙም በትሕትና አናገራት። መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ስትደርስ ግን «እናቴ፣ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ተባለች። ለጤፍ ማሳረሚያ ባስቀመጠችው ብር ገዛች።

የታዘዘላት አምሎዲፒን ነው። ፓተንቱ ካበቃ ዘመን አልፎታል፤ በዓለም ገበያ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በውጭ ኩባንያ ስግብግብነት የሚያሳብብ አያድክመኝ።

ሰሞኑን በየሆቴሉ አዳራሽ ስለ «አዳዲስ የፋይናንስ አማራጮች» ይወራል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ዩኒትኤይድ ከአውሮፕላን ትኬት ላይ በሚሰበሰብ ትንሽ ቀረጥ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒቶች ዋጋ እንዲቀንስ ረድቷል። በዚያው ዓመት የለጋሾችን የወደፊት ቃል ተማምኖ ቦንድ በመሸጥ ለክትባት የሚሆን ገንዘብ ቀድሞ መሰብሰብ ተጀመረ። የሁለተኛው ብልሃት ይበልጥ ይመለከተናል፤ ገንዘቡ ከችግሩ ቀድሞ ይደርሳል።

እኛም የራሳችን አለን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው አገር ያዳረሰው። ገበሬው አስቀድሞ ይከፍላል። ጤና ጣቢያው ግን ብዙ ጊዜ ካከመ በኋላ ሰነድ አጠናቅሮ፣ ተመርምሮለት ነው የሚከፈለው። እስከዚያ መድኃኒት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ብር ይደርቃል። (ተዘዋዋሪ የተባለው ይዞራል ተብሎ ነበር።) ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወራት የዘገየ ክፍያ ሲደርስ ያንኑ ያህል መድኃኒት አይገዛም።

ከጊንጪ እስከ ባኮ እድር የማያውቅ ሰው የለም። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ በዕለቱ ይተከላል። «ድንኳን የለንም፣ ተከራዩና ደረሰኝ አምጡ» የሚል የእድር ዳኛ ግን በሚቀጥለው እሁድ ይሻራል። መድኑ ላይ ይህን ስንሰማ ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

ከመዋጮው የተወሰነው በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው በቅድሚያ ይሰጥና ኋላ ሂሳቡ ይወራረድ። መድኃኒት ሲያልቅ ደግሞ ደብተሩ በተወሰነ ዋጋ ውል በገቡ የከተማው መድኃኒት ቤቶች ይሥራ። «ፈንዱ ይከስራል» የሚሉ አሉ። ኪሳራው እኮ አሁንም አለ፤ የሚሸከሙት እንደ አክስቴ ያሉ ናቸው። ሪፖርቱም የአባላትን ብዛት ብቻ አይቁጠር፤ ስንት ማዘዣ «ከውጭ» ተብሎ እንደተመለሰ ይንገረን።

የመዋጮው ወቅት እየመጣ ነው። አክስቴ ባለፈው ደውላ «ልክፈል ወይስ ብሩን ለመድኃኒቱ ላስቀምጠው?» አለችኝ። ክፈይ አልኳት። አፌን ሞልቼ ግን አልነበረም።