በአየር የሚንጠለጠል ጭነት ደኅንነት ከነጋዴው ሚዛን ይጀምራል

«ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለንግድ ሥራ ከተሰጡት ምክሮች ኹሉ የላቀ ነው። ዕቃ በመርከብ ቢመጣ፥ በካሚዮን ቢጓዝ፥ ወይም በአህያ ጀርባ ቢጫን የሚጠፋውም የሚድነውም በአያያዙ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ አሳቤን ላቀርብበት የተነሣሁት አያያዝ ግን በምድር ላይ የሚደረገው ሳይሆን በአየር ላይ የሚደረገው ነው፤ ይኸውም በሄሊኮፕተር ሆድ ሥር ካለው መንጠቆ ላይ ጭነትን አንጠልጥሎ ስለ ማጓጓዝ ነው።

«ገሱባንና ሄሊኮፕተርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከወላይታ ሶዶ በስተ ደቡብ፥ በኦፋ ወረዳ የምትገኘው ገሱባ ኑሮዋ በመንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። ገበሬው ያመረተው ዝንጅብል፥ ስኳር ድንችና ቡና በዚሁ መንገድ ይወጣል፤ ጨው፥ ስኳር፥ ቆርቆሮና ሲሚንቶም በዚሁ መንገድ ይገባል። ክረምት ሲበረታ ግን ተራራማው የደቡብ ምድራችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ኹላችንም አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ የሆኑ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። በዚያው ወር መጨረሻም በራሳችን ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ የሰው ሕይወት አልፏል።

ከጎፋው ሐዘን ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከሞቱት ብዙዎቹ አስቀድሞ በናዳ የተያዙትን ለማዳን የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ኹለተኛው ናዳ በእነርሱ ላይ ወረደባቸው። ማሽን በቦታው ሊደርስ ስላልቻለም ቁፋሮው በእጅና በአካፋ ነበር። እነዚያን ደጋግ ሰዎች የሚወቅስ አንደበት የለኝም። ነገር ግን ቸርነት ብቻውን እንደማይበቃና የርዳታም ሥራ ሥርዓት እንደሚያስፈልገው ያ ቀን አስተምሮናል። ነገ መንገድ ቢቆረጥ፥ ለሆስፒታል ጄኔሬተር፥ ለውሃ ጉድጓድ ፓምፕ፥ ለተራቡትም እህል ማድረስ ግዴታ ቢሆን፥ ሰው በትከሻው ሊሸከመው ለማይችለው ዕቃ የመጨረሻው መድኃኒት የሄሊኮፕተር መንጠቆ ይሆናል። በዚያን ሰዓት ዕቃውን አስሮ፥ መዝኖና ጽፎ የሚያቀርበው አብራሪው ሳይሆን ነጋዴው ነው። ስለዚህም ነገሩ እኛን ይመለከተናል።

የመንጠቆው አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። መንጠቆው በሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር፥ ከክብደቱ መካከለኛ ነጥብ አጠገብ ይሰቀላል። አብራሪው በእጁ በያዘው መሪ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን በኤሌክትሪክ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ እምቢ ቢል ደግሞ በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ ኹለተኛ መክፈቻ አለው። ከመነሣት በፊት ኹለቱም መክፈቻዎች መፈተን አለባቸው። በአየር ላይ ሳሉ ጭነቱን መልቀቅ ካልቻሉ ጭነቱ የሄሊኮፕተሩ ጌታ ይሆናልና።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልግባ። የዚህ ሥራ ደኅንነት የሚጀምረው በአብራሪው ወንበር ላይ ሳይሆን በነጋዴው ባስኩላ ላይ ነው። በአገራችን ሰማይ ለረጅም ዘመን የታወቀውን ሚ-8 የተባለውን ሄሊኮፕተር እንመልከት። ይህ ሄሊኮፕተር በውስጡ እስከ 4,000 ኪሎ፥ በመንጠቆው ግን እስከ 3,000 ኪሎ እንዲሸከም የተወሰነለት ነው። ሆኖም ይህ የመንጠቆው ወሰን እንጂ የዚያ ቀን ዐቅም አይደለም። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስተኛ እጅ ያኽል የሳሳ ነው፤ የቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስ ይሳሳል። የሳሳ አየር ውልብልቢቱን አይደግፍም፤ ለሞተሩም ኀይል አይሰጥም። ከዚህም በላይ ጭነት ያንጠለጠለ ሄሊኮፕተር ከመሬት ርቆ ስለሚቆም በዝቅታ ሲያንዣብብ ከመሬት የሚያገኘውን ድጋፍ ያጣል። ስለዚህ አብራሪው ከፍታውን፥ ሙቀቱን፥ ነፋሱንና የያዘውን ነዳጅ ደምሮ የዚያን ሰዓት ዐቅሙን ያሰላል። ይህ ኹሉ ስሌት የሚቆመው ነጋዴው በሰጠው አንድ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ ስሌቱ በሙሉ ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ እርስ በርሳችን ሳንተፋፈር እንነጋገር። የካሚዮን ኪራይ ለማሳነስ በጭነት ማስረጃ ላይ ክብደት ቀንሶ መጻፍ በመካከላችን የማይታወቅ ነገር ነውን? ኩንታል የሚባለው 100 ኪሎ ሆኖ ሳለ «ሞልቶ የተሰፋ» እየተባለ ከዚያ በላይ የሚያዝ ጆንያ የለምን? እኔም ራሴ ከሐሜት ነጻ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረቅ ሳለ የመዘንኩትን ዝንጅብል ሌሊቱን ዝናብ አደረበት፤ እኔ ግን ዳግመኛ ሳልመዝን በቀድሞው ቁጥር ጫንኩት። ካሚዮኑ ዳገት ላይ ተንገዳግዶ ቆመ፤ ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ፤ እኛም ግማሹን አውርደን ሳቅን። ካሚዮን ይቆማል፤ ሄሊኮፕተር ግን በአየር ላይ የሚያቆመው ድንጋይ የለውም። ዝናብ የነካው ጆንያ፥ እርጥብ ሳንቃ፥ ውሃው ያልተጠነፈፈ ቆጮና ጭቃ የተሸከመ ዕቃ ኹሉ በሚነሣበት ሰዓት እንደገና መመዘን አለበት። መረቡ፥ ገመዱና ቀለበቱም ክብደት ስላላቸው አብረው ይቈጠራሉ።

ከክብደት ቀጥሎ አስተሳሰር ይመጣል። ብዙ ሰው ኹለት ገመድ ካለ እያንዳንዱ የጭነቱን ግማሽ ብቻ የሚሸከም ይመስለዋል። ይህ እውነት የሚሆነው ገመዶቹ ቀጥ ብለው ሲወርዱ ብቻ ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በኹለት ገመድ ቢንጠለጠል፥ ገመዶቹ ቀጥ ካሉ እያንዳንዱ 500 ኪሎ ይሸከማል፤ ከአግድመቱ በ60 ዲግሪ ቢያዘነብሉ 577 ኪሎ፥ በ30 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ 1,000 ኪሎ ይሸከማሉ። ገመድ ለማትረፍ ብሎ አጭር ገመድ በሰፊ ዕቃ ላይ የሚወጥር ሰው ገመዱን አላተረፈም፤ ዕቃውን አጣ እንጂ። ካቦ ከሆነ የተበጠሰ ጅማት እንዳለበት፥ ሰው ሠራሽ ገመድም ከሆነ ፀሐይና ስለት እንደጎዳው በየጊዜው ይመረመር። የመሸከም ዐቅሙ የተጻፈበት ምልክት የወደቀበት ገመድ ለበሬ ማሰሪያ ይሁን እንጂ ለሰማይ አይታጭ። ቀለበቱም ለመንጠቆው ልክ የሆነ መሆን አለበት። ልኩ ያልሆነ ቀለበት ሲጠማዘዝ በመንጠቆው መዝጊያ ላይ ተንሸራትቶ ያለ አብራሪው ፈቃድ ሊያመልጥ፥ ወይም ልቀቅ ሲባል እምቢ ሊል ይችላል።

የነጋዴ ዐይን የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። ለእኛ ከባድ ዕቃ አስቸጋሪ፥ ቀላል ዕቃ ምቹ ይመስለናል። በመንጠቆ ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የታመቀ ሲሚንቶ ወይም እህል በመረብ ውስጥ ረግቶ ይጓዛል፤ ባዶ በርሜል፥ የቆርቆሮ ክምርና ሰፊ ሳንቃ ግን ነፋስ እንደ ክንፍ እያነሣቸው ይወዛወዛሉ፤ ሄሊኮፕተሩንም ይጎትታሉ። ከኹሉ የሚያስፈራው ባዶ መረብ ነው። ጭነቱን አራግፎ የሚመለስ ቀላል መረብ ክብደት ሳይታሰርበት ቢንጠለጠል በነፋስ ወደ ኋላ ተነሥቶ በጅራቱ ውልብልቢት ሊጠመጠም ይችላል። ስለዚህ ባዶው መረብ ወደ ውስጥ ገብቶ ይመለስ፤ ወይም አብራሪው የሚፈቅደው ክብደት ይታሰርበት።

በምድር ላይ ያለውን ሰው ደግሞ አንርሳ። የሚሽከረከረው ውልብልቢት በሄሊኮፕተሩ አካል ላይ ኤሌክትሪክ ያከማቻል፤ መንጠቆውን አስቀድሞ በባዶ እጁ የሚነካ ሰው ይመታል። ስለዚህ መንጠቆው አስቀድሞ ከመሬት ጋር በተያያዘ ዘንግ ይነካል፤ ሠራተኛውም ጓንት ያደርጋል። በአገጭ የሚታሰር የራስ ቁርና የዓይን መከለያም ያስፈልጉታል። ጋቢ፥ ነጠላና ባርኔጣ ከዚያ ቦታ ይራቁ። ለአብራሪው ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ዐሥር ሰው እጁን ቢያወናጭፍ አብራሪው ለማን ይታዘዝ? ማንም ሰው ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር አይቁም፤ በጅራቱም በኩል አይቅረብ። ውልብልቢቱ የሚያወርደው ነፋስ የገበያ ዳስ ይነቅላል፥ ያልተመታ ቆርቆሮም ያበርራል፤ ቆርቆሮ ሲበርር ሰይፍ ነው። ስለዚህ የገበያ ቀን፥ የገበያ ሥፍራና የትምህርት ቤት ሜዳ ለዚህ ሥራ አይመረጡም፤ የበረራውም መንገድ በሰውና በቤት ላይ እንዳያልፍ አስቀድሞ ይታቀዳል።

ይህ የምድር ዝግጅት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን የእንግሊዝና የጀርመን አይሮፕላኖች በሰሜን ተራሮች ላይ ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ፥ የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች አስቀድመው በቦታው እያረፉ የመጣያውን ሥፍራ ምልክት ያደርጉ ነበር። እህሉ የወረደው ምድሪቱ ከተዘጋጀች በኋላ ነው። የተራበ ሕዝብ እየጠበቀ ሳለ እንኳ ለዚህ ጊዜ ከተገኘ፥ እኛ ለአንድ ጄኔሬተር ግማሽ ቀን አጣን ልንል አይገባም።

አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቼ «እኛ ኪራይ ከፍለናል፤ ደኅንነቱ የአብራሪው ነው» ይሉ ይሆናል። ኪራዩ እጅግ ውድ እንደ ሆነ አልክድም፤ ገንዘብ የከፈለ ሰውም ሊቸኩል ይችላል። ነገር ግን ኪራይ የሄሊኮፕተሩን ሰዓት ይገዛል እንጂ የአየሩን ጠባይ አይገዛም። አብራሪው «ዛሬ ይህን ያኽል አልችልም፤ በኹለት ጊዜ ላመላልስ» ወይም «ነገ ማለዳ አየሩ ሲቀዘቅዝ» ሲል ከዋጋው ጋር እያነጻጸሩ መጨቅጨቅ የነጋዴ ብልሃት አይደለም። ሰው በችግር ጊዜ ሲጨቀጨቅ እሺ ይላል፤ የእሺታውን ዋጋ ግን ኹላችንም እንከፍላለን።

ከዚህም ጋር አንድ የውል ነገር መነሣት አለበት። አደጋ ሲመጣ አብራሪው ጭነቱን ከመንጠቆው የመልቀቅ ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ዕቃው የእኔ ነው፥ ፓምፑም የመቶ ሺሕ ብር ፓምፕ ነው፤ ሆኖም ካፒቴን መርከቡን ለማዳን ዕቃ ወደ ባሕር እንደሚጥል ኹሉ አብራሪውም የሰው ነፍስ ለማዳን ዕቃዬን ቢጥል ልከሰው አይገባኝም። ይህ በውሉ ላይ አስቀድሞ በግልጽ ይጻፍ፤ ኢንሹራንሱም ይህን ዐይነት ኪሳራ እንዲሸፍን ነጋዴው አስቀድሞ ይጠይቅ። አብራሪ በዚያች ቅጽበት ስለ ክስ እያሰበ ጣቱ ቢዘገይ፥ ያዘገየነው እኛ ነን።

ስለዚህ የገሱባና የሶዶ ነጋዴዎች ክረምቱ ሳይገባ እነዚህን ጥቂት ነገሮች እንድንፈጽም አሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፥ በየከተማው ልኩ የተመረመረ አንድ ባስኩላ ለአደጋ ጊዜ ይመደብ። ኹለተኛ፥ ምክር ቤታችን ከአስተዳደሩ ጋር ተማክሮ ከገበያና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ ገላጣ ሥፍራ ይለይ። ሦስተኛ፥ ዐምስት ወይም ስድስት ጠንቃቃ ወጣቶች ተመርጠው፥ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው የሄሊኮፕተር ድርጅት ባለሙያዎች ስለ ምልክት አሰጣጥና ስለ ጭነት አስተሳሰር ይማሩ፤ ያልተማረ ሰው፥ ይህን ጽሑፌን ያነበበውም ጭምር፥ ከመንጠቆው ሥር አይቅረብ። አራተኛ፥ በችግር ጊዜ ሊጓጓዙ የሚችሉ ዕቃዎች ትክክለኛ ክብደት ከአሁኑ ተመዝኖ በመዝገብ ይጻፍ።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት እውነተኛ ቁጥር መጻፍን ነው። መንገዳችን ዘወትር እንዲከፈትና ሄሊኮፕተሩም እንዳያስፈልገን እመኛለሁ። ባስፈለገን ቀን ግን አብራሪው ወረቀታችንን ተቀብሎ ቁጥሩን ሲያነብ፥ «ይህ የገሱባ ነጋዴ የጻፈው ነውና እውነት ነው» ብሎ እንዲነሣ ያብቃን።