የማይከመር ቅጂ
ዲጂታል መጽሐፍ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ሳይታተም በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚነበብ መጽሐፍ፣ የኅትመቱን ሥራ በምን እንደሚለውጠው ለመመርመር ከአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ይልቅ ወላይታ ሶዶ የተሻለ ማስረጃ ታቀርባለች። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስያሜ የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ፣ ታትሞ ለትምህርት ቤቶች ከደረሰ በኋላ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ የሰው ሕይወት እስከመጥፋት የደረሰ ተቃውሞ ስለገጠመው ከትምህርት ገበታ ተነሥቷል፤ የታተመበት ገንዘብም ከወረቀቱ ጋር ቀልጦ ቀርቷል። ጥፋቱ ቋንቋዎቹን ያዋሐደው ፖሊሲ እንጂ የወረቀቱ አልነበረም፤ ሆኖም በብዛት ታትሞ የተሠራጨ መጽሐፍ ለእርምት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል። በዲጂታል መልክ የሚወጣ የወላይትኛ መጽሐፍ ግን እርምቱ አንድ ፋይል ላይ ያበቃል፤ ቋንቋው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍም፣ የግእዝ ፊደል እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ዩኒኮድ ከተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ውጭ በመቆየቱ የአማርኛ አሳታሚን ያንገላታው ችግር አልደረሰበትም። አንባቢው ጥቂት የሆነ ደራሲን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው፣ አንድ ቅጂ ከመሸጡ በፊት ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ዲጂታሉ ይህን ሸክም ያቃልልለታል እንጂ ገቢ አያረጋግጥለትም፤ ምክንያቱም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢኖርም፣ ፒዲኤፍ፣ ማለትም የገጹን መልክ እንደያዘ የሚተላለፍ ፋይል፣ በቴሌግራም ያለ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እንዲህ ሲሆን አሳታሚ የሚፈለገው ለማተም ሳይሆን ለማስከፈል ነው።