ብረት አነሰህ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ፍሪሞንት አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ደም ማነስ አለብህ፣ በሰውነትህ ያለው ብረት ቀንሷል ብሎታል። «ሃያ ዓመት ኑሚ ውስጥ ብረት ሳነሳ ኖሬ፣ ዛሬ ብረት አነሰህ ይሉኛል!» አለ። ያ የመኪና ፋብሪካ በ2010 (በፈረንጅ) እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ነበር የሠራው። ሳቅን፤ እሱ ግን ብዙም አልሳቀም።

ልጁ ጣልቃ ገባ። «አባዬ፣ የደምህ ብረት እኮ ከሞተ ኮከብ ልብ የመጣ ነው።»

ወዳጄ ወደኔ ዞረ። ከፊሉ እውነት ነው አልኩት።

ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ እንውሰድ። የሚነደው እንደ እንጨት አይደለም፤ ቀላል አቶሞች ተጨፍልቀው ከባድ አቶም ይሆናሉ። ጉዱ ያለው አመዱ ተመልሶ ማገዶ መሆኑ ላይ ነው። ሃይድሮጂኑን ለ7 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያነዳል፤ አመዱ ሂሊየም ነው። ሂሊየሙ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያቆየዋል። ከዚያ ወዲያ ኑሮው ይጣደፋል፦ ካርቦን 600 ዓመት፣ ኒዮን 1 ዓመት፣ ኦክስጅን 6 ወር ገደማ። ሲሊኮንማ፣ ይህ ሸለቆ በስሙ የሚጠራበትና ስንቱ የሚከብርበት ሲሊኮን፣ አንድ ቀን ብቻ! በመጨረሻ ውስጡ እንደ ቀይ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ብረት ይቀመጣል። ብረት ደግሞ የማይነድ አመድ ነው፤ ቢጨፈለቅ ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም። የብረቱ ልብ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይደረመሳል፤ ኮከቡም ይፈነዳል።

ልጁ የሳተው እዚህ ጋ ነው። የልቡ ብረት በአብዛኛው አይወጣም፤ ስፋቱ ከዚህ እስከ ሳን ሆዜ የማይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ኳስ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ወደኛ የሚደርሰው በፍንዳታው ቅጽበት የተሠራው ነው፤ እሱም ሲወለድ ኒኬል ነው። በቀናት ውስጥ ኮባልት፣ በወራት ውስጥ ብረት ይሆናል። (ብዙው ብረት ደግሞ ነጭ ድንክ ከሚባሉ ሌሎች ኮከቦች ፍንዳታ የመጣ ነው። እነዚህ ትልልቆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚያወርሱን ኦክስጅን ነው።) በሰው ገላ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ 4 ግራም ገደማ፣ አንዲት ምስማር ቢወጣው ነው።

ይህ በዓይን ታይቷል። የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ከኛ ወደ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቆ የነበረ ኮከብ ፈንድቶ ታየ። ከ20 ሺህ በላይ መሬቶችን የሚመዝን ኒኬል እንደ ወጣው ብርሃኑ አሳበቀ። ከካሊፎርኒያ ያ የሰማይ ክፍል ከአድማስ በታች ስለሆነ አይታይም። ከሀገራችን ግን በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ ይወጣል።

«በ79 መጋቢት?» አለ ወዳጄ። «ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በእግር ነበርን። ቀን ተደብቀን፣ ሲመሽ ጉዞ። ፊታችን ወደ ደቡብ።»

«እንግዲያው ከፊትህ ነበር። ደብዘዝ ያለ፣ ግን በዓይን የሚታይ።»

ሲኒውን አስቀመጠ። «ማን ቀና ብሎ ያያል?» አለ። «እግራችንን ነበር የምናየው።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ የዚያን ምሽት ሰማይ ይፈልግለት ጀመር።