እድሩ ድንኳን ከመትከሉ በፊት

አንድ አዛውንት ሲያርፉ የአዲስ አበባ እድር ቅልጥፍና የሚያስቀና ነው። ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ድስቱና ብርጭቆው በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይመለሳል። ማን እንደቀረ የሚመዘግብ አለ፣ የቀረም ይቀጣል። እኚሁ ሰው በመጨረሻዎቹ ወራት መድኃኒት የሚያመጣላቸው፣ «እንዴት አደሩ» ብሎ በር የሚያንኳኳላቸው አጥተው እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነው።

ይህ ጥሪ ለእድር ዳኞች፣ ለጸሐፊዎችና ለአባላት ሁሉ ነው። ለቀብር የምንወጣውን ያህል በቁም ላሉትም እንውጣ።

ድሮ ይህን ማሳሰብ አያስፈልግም ነበር። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ ሲኖር፣ ጠዋት ቡና ላይ ያልታዩ እናት ወዲያው «ምን ነካቸው?» ይባልላቸው ነበር። ቡናው የሰፈሩ ጤና መጠየቂያ ነበር ማለት ይቻላል። ፒያሳና ካዛንቺስን የመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲነሱ፣ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን፣ ያ የቡና ክብ አብሮ ተበተነ። አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፣ ጀሪካን በደረጃ መሸከም ይመጣል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው እዚያ ላይ ሲኖሩ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ፌስታል ውስጥ ብር አስረው በገመድ ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ባለ ሱቁ ሽንኩርቱንና መልሱን ከቶ «ይጎትቱ እማማ!» ይላል። ለሚያልፍ ሰው ፈገግ ያሰኛል። እማማ ግን ከወረዱ ስንት ጊዜያቸው ነው? በብሎኩ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ከሌለ እድሩ ሊያውቀው ይገባል።

ሕመሙም ከብቸኝነቱ ጋር ተጋግዞ ነው የሚመጣው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት አይሰጥም፤ ስለዚህ አዛውንቶቹ «ተሽሎኛል» ብለው ኪኒኑን ያቆሙታል፣ ወይም እንዲበረክት አንድ ቀን ውጠው አንድ ቀን ይዘሉታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ አካል ይያዛል። ዓይንም እንዲሁ ነው። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነገር ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስንቱ ብርሃኑ ተመልሶለታል። ሆኖም ስንት አዛውንት ግድግዳ እየዳበሱ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብለው ተቀምጠዋል! እርጅና ነው የሚለው ቃል ብዙ ሊድን የሚችል ሕመም ሸፍኗል። መርሳት ሲጀምሩም «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል፤ እሳት ሳያጠፉ የሚረሱትን ሰው ብቻቸውን ከቡታጋዝ ጋር ትቶ መሄድ ግን የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእኛ ሽማግሌ «ምን ልርዳዎት?» ሲሉት «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» ነው መልሱ። ይሉኝታ አለ፤ ኩራትም አለ፣ የሚገባ ኩራት። ስለዚህ አትጠይቁ፤ ግቡና ቡና አስፈሉ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንሱና ስንት ቀን እንደቀረው እዩ። የጤና መድህን ደብተሩ የታደሰ መሆኑን ተመልከቱ፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው የሚያሳፍረው። ስትወጡም ምክር ጠይቋቸው። ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ተረጂ ብቻ ሆነው መቀመጥ ያማቸዋል።

መንግሥት የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ግዴታ ጥሎበታል፤ ይጠየቅበት። የመቄዶንያ መርጃ ማዕከልም ጎዳና የወደቁትን እያነሳ ነው፤ እሰየው። እኔ የማወራው ግን ቤት ስላላቸው፣ ጡረታም ስለሚቀበሉ፣ ልጅ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ብር ስለሚልክላቸው ሰዎች ነው። ብሩ ባንክ ይደርሳል። ከባንክ አውጥቶ ፋርማሲ የሚሄድ እግር ነው የጠፋው። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ከምትልኩት ጋር የእድሩን ጸሐፊ ስልክ ያዙ፤ በየጊዜው ደውሉለት።

«ገንዘቡ ለቀብር የተዋጣ ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም» የሚሉ ዳኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ደንብ ሰው ያወጣዋል። ኤችአይቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ያኔ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ በየብሎኩ ሁለት ሦስት አባል ተመድቦ ሳምንቱን ቢከፋፈል ይበቃል፤ አንዱ ውሃ ያወጣል፣ አንዱ ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ አንዱ ቁጭ ብሎ ያጫውታል። የተማሪ ልጆቻችንም ጀሪካን ቢይዙ አይጎዱም።

እንግዲህ በሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ ሰው ሳይበተን ይህ ይነሳ። ጸሐፊው መዝገቡን ይክፈትና ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ስም፣ ፎቃቸውንና የቅርብ ዘመድ ስልክ ይጻፍ። ኪራይ ቤት ያሉትን፣ መዋጮ አቅቷቸው የተሰረዙትንም ጨምሮ ይጻፍ። ተረኞቹ እዚያው ይመደቡ፤ በተራው ያልሄደም እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ።