«በልጅነታቸው ያጡትን አሁን ይብሉ»

በረመዳን የኢፍጣር ማዕድ ላይ የተሻለው ሁሉ ለአባትና ለእናት ይቀርባል። ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩ፣ ስኳር የበዛበት ጭማቂ ቀድሞ ወደ እነርሱ ይሄዳል። «በልጅነታቸው ያጡትን አሁን ይብሉ» እንላለን። ሐሳባችን የፍቅር ነው፤ ነገር ግን በልጅነቱ ረሃብ ያየ ሰው ከሌላው ይበልጥ ከስኳር በሽታ መጠበቅ እንዳለበት የሚያውቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 በኔዘርላንድስ በጦርነት ምክንያት ከባድ ረሃብ ደርሶ ነበር። በዚያ ጊዜ በማሕፀን የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመረመሩ። ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና ከደረሰው ረሃብ በኋላም ብዙ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል።

እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ኒኮላስ ሄልስና ዴቪድ ባርከር በ1992 ምክንያቱን ለማስረዳት ሞክረዋል። በእነርሱ አባባል፣ ምግብ ያጣ ጽንስ ያገኘውን ለአንጎሉ ይቆጥባል፤ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽት ግን በሚገባ ሳያድግ ይቀራል። ቁጠባው በችግር ዘመን ሕይወት ያተርፋል። ዘመን ተለውጦ ምግቡ ሲበዛና እንቅስቃሴው ሲቀንስ ግን ያ ቆሽት ሸክሙ ይከብደዋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎው ረሃብ የተወለዱ ወገኖቻችን ዛሬ ሃምሳን ተሻግረዋል። የ1977ቱ ልጆችም አርባ ገብተዋል። ስለዚህ «እሳቸው ረሃብ የለመዱ ናቸው፣ ምንም አይሆኑም» የሚለው አነጋገራችን የተገላቢጦሽ ነው።

ያለፈውን ልጅነት መመለስ አንችልም። በእጃችን ያለው የዛሬው ልማድ ነው። ድሮ ማሳ ለማሳ ሲመላለሱ የዋሉ አባት፣ ዛሬ ልጆቻቸው ዘንድ ከተማ ገብተው ቀኑን በፍራሽ ላይ፣ ምሽቱን በቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋሉ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ሰዓታቱ በመቀመጥና ለስላሳ በመጠጣት ያልቃሉ። እኛም «ይረፉ» እያልን ውኃ እንኳ እንዲቀዱ አንፈቅድም። ማረፍ ማለት ግን አለመንቀሳቀስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዛውንትም ጭምር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአምስት ቀን ቢካፈል በቀን ሠላሳ ደቂቃ ነው።

ረመዳን ለዚህ የተመቸ ወር ነው። መስጊዱ ቅርብ ከሆነና ጉልበታቸው ከፈቀደ ለተራዊህ በእግራቸው ይሂዱ፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ አብሯቸው ይጓዝ። ማፍጠሪያው ቴምር ከሦስት አይብለጥ፤ ጭማቂው በውኃ፣ ሙሸበኩ በሾርባና በአትክልት ይተካ። ስኳር የሚቀንሰው ለእሳቸው ብቻ ከሆነ ቅጣት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ከመላው ቤተሰብ ማዕድ ይቀነስ።

በሽታው ያለባቸው ከሆነ ግን ጾሙን በራሳቸው ውሳኔ አይጀምሩ። ቢቻል ወሩ ሳይገባ፣ ከገባም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። በጣት ደም ስኳርን መለካት ጾም እንደማያፈርስ በርካታ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ልኬቱ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ፣ ወይም ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ወዲያው ማፍጠር እንደሚገባ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ ይናገራል።

ብዙ እናቶች «ዕድሜዬን ሁሉ ጾሜ አሁን ልተው?» ብለው ያዝናሉ። ኀዘናቸው ይገባናል። ይሁንና ሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው የሰጡት ፈቃድ ከአላህ የመጣ እዝነት ነው፤ መጾም ለማይችለውም ፊድያ አለ። ይህን ለእናት በእርጋታ ማስረዳት የልጅ ፋንታ ነው፤ ኢማሙ ቢያግዙን ደግሞ ቃላቸው ይበልጥ ይሰማል።

እነዚያ ወላጆች የራሳቸውን ጉርሻ ለእኛ ሰጥተው አሳድገውናል። ውለታቸውን በስኳር አንክፈል። ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን፣ ክንዳቸውን ይዘን አብረናቸው እንውጣ። ረመዳን ሙባረክ!