ገመድ፣ ሰበቃና የዛፍ ላይ ሥራ

ወሎ ሰፈር ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን፣ በቦሌ መንገድና ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ-ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ተሰልፈዋል። በሌላው ወገን ከሕንፃዎቹ ጀርባ ነባር ግቢዎች ከነዛፎቻቸው ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ጠባብ ሥፍራ ያረጀ ባሕር ዛፍን ከሥሩ ቆርጦ መጣል አይቻልም፤ የሚወድቅበት ቦታ የለውምና። በአንድ በኩል የጎረቤት ጣሪያ፣ በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠብቀዋል። ስለሆነም አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ከጫፉ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ሊያወርደው ግድ ይሆናል።

ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። መጥረቢያቸውን ይዘው፣ ምናልባትም ወገባቸው ላይ አንድ ገመድ አስረው ይወጣሉ። ከታች የቆመው ተመልካች ጀግንነታቸውን ያደንቃል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው ሌላ ነገር ነው፦ ዛፍ ላይ ያለን ሰው ሕይወት የሚጠብቀው ኃይል ሰበቃ (በተለምዶ ፍትጊያ የምንለው) ሲሆን፣ ሰበቃ ደግሞ የሚለካ፣ የሚስተካከልና ትምህርት የሚሰጥበት ነገር ነው። ለድፍረት የተተወው ሥራ ለዕውቀት ሊሰጥ ይገባል።

የእረኛው ጥበብ

ገጠር ያደገ አንባቢ የሚከተለውን ያውቃል። አንድ ትንሽ እረኛ የሚጎትተውን ኮርማ በክንዱ ጉልበት ሊያቆመው አይችልም። ነገር ግን ገመዱን በዛፍ ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ከጠመጠመ ጫፉን በአንድ እጁ ይዞ ይቆማል። ለዚህ ምሥጢር የሒሳብ ቀመር የተበጀለት በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ ከሊቁ ከሌዎንሃርድ ኦይለር ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል። ቀመሩ እንደሚያስረዳው የመያዝ አቅሙ በእያንዳንዱ ዙር የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። በገመዱና በግንዱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.25 ነው ብንል፣ አንድ ዙር ኃይላችንን 4.8 ጊዜ ያህል፣ ሁለት ዙር 23 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ደግሞ 111 ጊዜ ያበዛዋል። የ100 ኪሎ ግራም ጉተታን በሁለት ዙር ለመግታት ከ5 ኪሎ ግራም ያነሰ አያያዝ ይበቃል ማለት ነው።

አገራችን ለገመድ እንግዳ አይደለችም። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም ወደ አምባው የሚወጣበት ገደል 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ መውጫው የቆዳ ገመድ ነው። እዚያ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወጪው በእጁ ከሚይዘው ገመድ ሌላ ሁለተኛ ገመድ ወገቡ ላይ መታሰሩና ከላይ ያለ መነኩሴ እየሳበ የሚያግዘው መሆኑ ነው። የሰው ክንድ ይደክማልና ሕይወት በክንድ ብቻ አትታመንም።

የመሣሪያው አሠራር

በዘመናዊ የዛፍ ሥራ የመነኩሴውን ቦታ የያዘው የሰበቃ ቋጠሮ ወይም መካኒካዊ የሰበቃ መሣሪያ ነው። ኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ፣ ቀጭን ገመድ በወፍራም ገመድ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ይንሸራተታል። መካኒካዊዎቹ መሣሪያዎች ይህንኑ ተግባር በአሉሚኒየም ወይም በብረት አካል ይፈጽማሉ፤ ገመዱን በማጠፍ ወይም በመቆንጠጥ ሰውየው በፈለገበት እንዲቆም፣ በፈለገበትም ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋሉ።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ መሣሪያው በሁሉም ሁኔታ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ለምሳሌ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሠራተኛ ገመዱን በቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ አንዱን ጫፍ ከመታጠቂያው፣ ሌላውን ዘርፍ ከሰበቃ መሣሪያው ጋር ቢያገናኝ፣ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል። ይሁን እንጂ እኩል አይከፈልም። በሚወርድበት ጊዜ ቅርንጫፉ ራሱ ገመዱን ስለሚይዝ፣ ባለፈው ስሌት መሠረት መሣሪያው ላይ የሚያርፈው 22 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። ይኸው ሰው በማግሥቱ ልጡንና ገመዱን ከመላላጥ ለማዳን በቅርንጫፉ ላይ በከራ (ፑሊ) ቢሰቅል፣ በመሣሪያው ላይ የሚያርፈው ሸክም ወደ 35 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ትናንት በልክ የያዘው ቋጠሮ ዛሬ ሊያንሸራትት ይችላል። ሰውየው፣ ገመዱና ዛፉ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሰበቃው ድልድል ነው።

ገመዱ ከላይ ታስሮ በአንድ ዘርፍ ብቻ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ መሣሪያው ሙሉውን 70 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ያን ጊዜ ተራ ቋጠሮ ክፉኛ ስለሚነክስ ለመውረድ አስቸጋሪ ይሆናል። ሮፕ ሬንች የተባለው መሣሪያ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፤ ከቋጠሮው በላይ ገመዱን በማጠፍ የሸክሙን ከፊል ይቀበልና ቋጠሮው እንዲላላ ያስችላል።

እንግዲህ ማስተካከል ስንል የጥምጥሙን ቁጥር መጨመር ወይም መቀነስ፣ ለመሣሪያው የተፈቀደውን የገመድ ውፍረት መጠበቅ፣ ገመዱ በዝናብ ሲርስ ወይም አቧራ ሲጠጣ እንደገና መፈተሽ ማለታችን ነው። ፍተሻውም ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ የሚደረግ ሲሆን፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም።

ሙቀት፣ የተዘነጋው ጠላት

የሚወርድ ሰው ያለው ጉልበት አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 70 ኪሎ ግራም ከ15 ሜትር ሲወርድ 10,000 ጁል ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ 100 ግራም በሚመዝን የአሉሚኒየም መሣሪያ ውስጥ ቢቀር የሙቀት መጠኑን ከ110 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በተግባር ከፊሉን ገመዱና አየሩ ይወስዱታል፤ በፍጥነት በሚወርድ ሰው ዘንድ ግን አየሩ ፋታ አያገኝም። ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። በየሱቁ ለጭነት ማሰሪያ የሚሸጠው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ግን በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ጭነት ለማሰር የተሠራ ገመድ ሰው ማንጠልጠያ ሊሆን አይገባም የምንለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ምን ይደረግ?

አንዳንዶች መፍትሔው መሣሪያዎቹን ከውጭ ማስገባት ነው ሊሉ ይችላሉ። መሣሪያ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ከላይ እንዳየነው፣ ማስተካከል ለማያውቅ ሰው የተሰጠ መሣሪያ ያልተገባ መተማመን ስለሚፈጥር ከባዶ እጅ የማይተናነስ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ከዕቃው ጋር ሥልጠናው አብሮ መምጣት አለበት።

በእኛ እምነት ሦስት ወገኖች ድርሻ አላቸው። የሙያና ቴክኒክ ተቋማት የዛፍ ላይ ሥራን እንደ ግንበኝነትና እንደ ኤሌክትሪክ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ሊያስተምሩት ይገባል። የሳይንስ ፋኩልቲዎች በገበያ ላይ ያሉትን ገመዶች የሰበቃ መጠን፣ ጥንካሬና የሙቀት መቋቋም በቤተ ሙከራ መርምረው ውጤቱን በቀላል አማርኛ ሊያሳውቁ ይችላሉ፤ ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ሚዛን፣ የብረት ዘንግና ትጉህ ተማሪዎች ይበቃሉ። ሦስተኛው ባለግቢው ነው። ዛፍ ሊያስቆርጥ ሲዋዋል ከዋጋው በፊት መታጠቂያው፣ ሁለተኛው ገመድና የሰበቃ መሣሪያው መኖራቸውን ይጠይቅ፤ ሽቦ በአጠገቡ ካለም ኃይሉ ሳይቋረጥ ማንም እንዳይወጣ ያድርግ።

እረኛው ገመዱን ግንድ ላይ የሚጠመጥመው ቀመሩን ስለተማረ አይደለም፤ ታላቁ ስላሳየው ነው። የከተማችን ዛፍ ቆራጭ ግን የሚያሳየው ታላቅ አላገኘም። ቀመሩን የምናውቅ ሰዎች ያንን የታላቅነት ድርሻ ካልተወጣን ዕውቀታችን ከጥቁር ሰሌዳ ሳይወርድ ይቀራል።