ተዋጊን የሚሰውረው ዳዶ አይደለም

ጠረጴዛ ከብቦ፣ ገጸ ባሕርይ ወክሎ በምናብ ዓለም የመዋጋት ጨዋታ ከተጀመረ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የጨዋታው ሕግ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታርሟል፤ በውጊያ መካከል ስለ መደበቅ የሚደነግገው ክፍል ግን ዛሬም ተጫዋቾችን ያጨቃጭቃል። የካፋን ምድርና ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጭቅጭቅ የሚለው አለው። ይህ ዝግጅት ክፍልም ፍርዱን የሚሰጠው ከዚያው ተነሥቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ እንደሚለው፣ በድቅድቅ ጨለማ ወይም በጉም የተሸፈነ፣ አለዚያም ቢያንስ ሦስት አራተኛ አካሉን የሚከልልለት ነገር ያገኘ ተዋጊ፣ ከጠላት ዓይን ውጭ ከሆነ ሃያ ገጽ ያለውን ዳዶ ይጥላል። የቅልጥፍና ነጥቡ ተደምሮ 15 ከሞላ ተሰወረ ማለት ነው። ከሹክሹክታ ከፍ ያለ ድምፅ ካሰማ፣ ካጠቃ፣ ድግምት በቃሉ ከደገመ ወይም ጠላት ፈልጎ ካገኘው ስውርነቱ ያበቃል። ከከለለው ዛፍ ወጥቶ ሜዳ ላይ ቢቆምስ? ስውርነትን ከሚያፈርሱት ነገሮች መካከል ይህ አልተጻፈም። ሁኔታው ለመደበቅ ይመች እንደሆነ የሚወስነው የጨዋታው መሪ ስለሆነ አስተዋይ መሪ ነገሩን ያቃናዋል። ሆኖም ሕግ ጉድለቱን በዳኛ አስተዋይነት ከሸፈነ ጉድለቱ አልታረመም። ኩኩሉ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች እንኳ ከመደበቂያው የወጣ ልጅ መታየቱን አይከራከሩበትም።

በካፋ መሰወርን የሚሰጠው መሬቱ ነበር። የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ጉድባ፣ በእንጨት አጥርና ዘብ በቆመባቸው በሮች አጥሮ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ከውጭ የሚመጣ ነጋዴ በነዚያ በሮች በኩል ካልሆነ አይገባም፤ ከገባም በኋላ እንደ ልቡ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ አገሩን የጎበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር፣ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ ባሳተመው ሥራው የዚህን መንግሥት ሥርዓት መዝግቦ አቆይቶልናል። ከጉድባው ጀርባ ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ደን አለ። በዚያ ደን የዱር ቡና ይበቅላል፤ መንገዱን የማያውቅ ጦር ደግሞ ይጠፋበታል።

ከበሮቹ ጠባቂዎች መካከል ማንጆዎች ነበሩ። በአደን የሚኖሩ፣ ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ ነገር ግን ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የተከለከሉ ወገኖች ናቸው። መንግሥቱ ደኅንነቱን ያስጠበቀው በናቃቸው ሰዎች ዓይንና ጆሮ ነበር። መገለሉ እስከ ዛሬ ጨርሶ ስላልጠፋ ይህን የምንጽፈው እንደ አለፈ ነገር አይደለም።

በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋ ገባ። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ዘምቷል። በጠመንጃ ብዛት ሁለቱ ወገኖች የሚወዳደሩ አልነበሩም። ሆኖም የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ወዲያው አልተያዘም፤ በአገሩ ጫካና ተራራ እየተሰወረ ለወራት ተከላከለ። የተማረከው 1890 ዓ.ም. ሲጠባ ነው፤ ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ኑሮው በግዞት አለቀ። እነዚያን ወራት ማን ከፈላቸው? ንጉሡን ያጣ ጦር መንደሩን አያጣም። እህሉ ተበላ፣ ቤቱ ነደደ፣ ሕዝቡ በጦርነት፣ በረሃብና በባርነት ክፉኛ ተመናመነ።

ጨዋታው የሚስተው ይህንን ነው። በሕጉ አንድ የውጊያ ዙር ስድስት ሰኮንድ ነው፤ መሰወርም በዚያች ቅጽበት ተጀምሮ የሚያልቅ የአንድ ሰው ቅልጥፍና ተደርጎ ተቆጥሯል። በእውነተኛ ጦርነት ግን እንዲህ አይደለም፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች በጠላት መካከል እየኖሩ ለዱር አርበኛ መረጃና ስንቅ ሲያቀብሉ ጉምም ጨለማም አልከለላቸውም። የከለላቸው አብሯቸው የኖረውና ምስጢራቸውን ያላወጣባቸው ሰው ነው።

ለሕጉ የሚከራከሩ ወገኖች አጭር ደንብ ጨዋታውን ያፈጥናል፣ ዳዶም ጠብ ያበርዳል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ዳዶው ይቅር አንልም። የእኛ ፍርድ ግን የ2024ቱ የመደበቅ ሕግ ጎዶሎ ነው የሚል ነው። ከከለላው የወጣ ተዋጊ የጠላት ሐሳብ ሌላ ቦታ ካልተያዘ በቀር እንደ ታየ ይቆጠር። አገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ቀልጣፋ ባይሆንም እንኳ፣ ከእንግዳ ተዋጊ ይልቅ ብልጫ ያግኝ። መደበቁ ቀናት ከቆየ ደግሞ ዋጋው ይቆጠር፤ ያስጠጋው መንደር የሚከፍለው ዕዳ በጨዋታው ላይ ይታይ። ይህ የሌለበት ጨዋታ ለልጆቻችን ጦርነትን ዕዳ የሌለበት አድርጎ ያሳያቸዋል፤ እኛ አጥብቀን የምንቃወመውም ይህንኑ ነው።

ጨዋታ የመፍጠር ፍላጎት ያላቸው ወጣቶቻችን የባዕድ አገር ግንብና ዋሻ መቅዳት አያስፈልጋቸውም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቦ ዛሬም ቆሟል፤ ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የካፋ ዞን ባህል መሥሪያ ቤት የጉድባዎቹንና የበሮቹን ሥፍራ በካርታ ያስፍሩ፣ የሽማግሌዎቹንም ቃል ይመዝግቡ። ምዝገባውን በማንጆ ሽማግሌዎች ይጀምሩ፤ በሩን የጠበቁት እነሱ ናቸውና።